የካፋ በር ጠባቂዎች

ስሙኝማ፤ የካፋን ነገር ላውጋችሁ።

ከጅማ ተነስቶ ጎጀብን የተሻገረ መንገደኛ ቦንጋ እስኪደርስ ደን ደኑን ነው የሚሄደው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ክልል ብሎ የመዘገበው ይህንኑ ጫካ ነው፤ የጫካ ቡና ዛሬም በዛፎቹ ጥላ ሥር ይበቅላል። የቡናውን ወግ ለሌላ ቀን ላቆየውና ዛሬ ስለ ሰዉ ልተርክላችሁ። ካፊቾ የሚባለው ሕዝብ ከየት ተነሳ? በቤቱስ ውስጥ እነማን አሉ?

ሽማግሎች ሲያወጉ ከማቶ ጎሳ ይጀምራሉ። ድሮ ድሮ፣ ሚንጆ የሚባለው ጎሳ ሳይመጣ፣ አገሩን የሚገዙት ማቶዎች ነበሩ፤ ሠላሳ ሁለት ነገሥታት ተፈራርቀውበታል ይባላል። እነዚህ ሠላሳ ሁለት ነገሥታት ማን ማን ይባሉ ነበር? ካፋን ያጠናው አምኖን ኦሬንት ይህንኑ ጠይቆ ነበር፤ የአንዱን እንኳ ስም የሚያስታውስ አላገኘም። በ1390 እ.ኤ.አ. ግድም ሚንጆ ማቶን ጥሎ ዙፋኑን ያዘ። ከዚያ ወዲህ የነገሡት ግን በየስማቸው እየተጠሩ ይቆጠራሉ። ያሸነፈ ስሙ ይቀራል፤ የተሸነፈ ቁጥሩ ብቻ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈልጓታላችሁ።

የካፋ ንጉሥ ታቶ ይባላል። ሚክረቾ የሚባሉ ሰባት መማክርት ነበሩት፤ ቦንጋና አንደራቻ መናገሻዎቹ ነበሩ። የመንግሥቱ ሕዝብ ግን ከአንድ ምንጭ ብቻ የተቀዳ አልነበረም። ከማቶና ከሚንጆ ሌላ ብዙ ጎሳ አለ፤ ከመካከላቸው ዘራችን ከሰሜን ነው የሚሉ አሉ። ከሰሜን የመጣ ሃይማኖትም ነበር፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ሠርፀ ድንግል ካፋ ክርስትናን እንዲቀበል አግባቡ፤ ባሃ ላይም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተተክሏል። ሃይማኖቱ በኋላ ቢመነምንም የጊዮርጊስ ስም ከቦታው አልጠፋም።

ቋንቋውን ብትከተሉት ደግሞ ሌላ መንገድ ይወስዳችኋል። ካፊኖኖ ይባላል፤ የቅርብ ዘመዱ በሸካ የሚነገረው ሸኪኖኖ ነው፤ ይህ ጎረቤት ስለሆነ አይገርምም። የሚገርመው ሌላው ዘመዱ ነው። ከዓባይ ወዲያ ማዶ፣ በመተከል፣ በቡለንና በወንበራ የሚኖረው የቦሮ ሺናሻ ሕዝብ ቋንቋ ከካፊኖኖ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። በሁለቱ መካከል ሰፊው የወለጋ ምድር ተዘርግቷል። እዚያም መሃል አንፊሎ የሚባል ሦስተኛ ወንድም አለ፤ ተናጋሪዎቹ እያለቁ ነው። አጥኚዎች እነዚህን ሁሉ ጎንጋ በሚል ስም ይጠቀልሏቸዋል፤ ጎንጋዎች አንድ ዘመን ከዓባይ እስከ ጎጀብ ማዶ ተሰራጭተው ይኖሩ እንደነበር ቋንቋቸው ይመሰክራል።

ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር በ1905 እና በ1909 እ.ኤ.አ. ካፋን አይቶ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ፤ ሕዝቡንም ጥንታዊ ኩሻዊ አለው። ግማሽ ክፍለ ዘመን ካለፈ በኋላ ሃሮልድ ፍሌሚንግ መጣና ቋንቋውን ከኩሻዊው ለይቶ ኦሞቲክ በሚል አዲስ ቤተሰብ ውስጥ አስገባው። ምሁር በመጣ ቁጥር ስያሜው ይለዋወጣል፤ ካፊቾ ግን በእንሰቱና በማሩ መካከል ያንኑ ኑሮውን ይኖራል።

አሁን ወደ በሩ ልውሰዳችሁ። የካፋ መንግሥት ድንበሩን በጥልቅ ቦይ ያጥር ነበር፤ የሚገባበት ኬላ ውስን ነው። ነጋዴ ከውጭ ሲመጣ ኬላው ላይ ይቆማል፤ ታቶ ሳይፈቅድ አይገባም። ያንን ኬላ ሌሊትና ቀን የሚጠብቀው ማነው? ማንጆ የሚባለው ወገን ነው፤ ዙፋኑን ከያዘው ከሚንጆ ሌላ። አዳኙ፣ የጫካውን መንገድ ከማንም በላይ የሚያውቀው ማንጆ። ቤተ መንግሥቱንም የሚጠብቅ እሱ ነው። ከመካከላቸውም ታቶ የሚሾመው የራሳቸው ንጉሥ ነበራቸው።

ይህ ጠባቂ ግን የካፊቾ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ነገሩ ይለወጥ ነበር። ወደ ውስጥ አይዘለቅም። እህል ቢሰጠው ደጅ ላይ፣ በእንሰት ቅጠል ነው። አብሮ መብላት የለም፣ መጋባት የለም፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ዞር የሚለው እሱ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላል ይባላል። የአገርን በር አደራ የተሰጠው ሰው የጎረቤት በር ተዘጋበት።

ከዕለታት አንድ ቀን ቦዩም ኬላውም አልበቃ አለ። የምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት ዘመተ፤ የጅማው አባ ጅፋርም አገዘ። ካፋ ወራት ተዋጋ፤ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግን የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ። በብር ሰንሰለት ታስረው ሄዱ ይባላል፤ በግዞት ኖረውም በ1919 እ.ኤ.አ. አረፉ። ዘውዱ ከአገር እስካልወጣ ካፋ አይጠፋም የሚል እምነት ነበርና ዘውዱም ተወሰደ፤ የምኒልክ አማካሪ የነበረው አልፍሬድ ኢልግ ወደ ስዊዘርላንድ ይዞት ሄደ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመለሰ።

ታቶ ሄደ፣ ኬላው ፈረሰ፣ ማንጆ ግን ደጅ ላይ ቀረ። በደርግ ዘመን መሬትና ትምህርት ቤት ደረሰው፤ በኋላም ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የተጠመቀው ብዙ ነው፤ አቤቱታ ይዘው እስከ መንግሥት ደጅ የደረሱም አሉ። ሆኖም ገበያ ወጥታችሁ ከሰልና ማገዶ ተሸክሞ የሚመጣውን ብትጠይቁ፣ ከማን ጋር እንደሚበላና ልጁን ለማን እንደሚድር ይነግራችኋል።

እንግዲህ ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን አውጡ። የማቶ ነገሥታት ስማቸው ጠፍቷል፤ እሱን ማንም አይመልሰውም። የማንጆ ግን ገና በሕይወት አለ። አያቶቹ የትኛውን ኬላ እንደጠበቁ፣ ማን እንደመራቸው የሚያስታውሱ አዛውንቶች እያሉ፣ ካፋ ዘሩን ሲቆጥር እነሱን ከዘለለ ጥፋቱ የእኛ የተራኪዎቹ ነው። ስለዚህ በቦንጋ የምታስተምሩ መምህራን፣ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ የምታወጉ አባቶችና እናቶች፣ የካፋን አመጣጥ ስትነግሩ ማቶን ተናገሩ፣ ሚንጆንም ተናገሩ፣ ማንጆንም በስሙና በማዕረጉ አብራችሁ ተናገሩ። የተናገራችሁትንም በማዕድ አጽኑት፤ አብሮ ያልተቆረሰ እንጀራ ባለበት ቤት፣ አንድ ሕዝብ ነን የሚል ትረካ ሙሉ አይሆንም።