የሕፃናት ትርፍ ጊዜና ትምህርት በፓዌ፦ የሦስት ትውልድ ታሪክ

የትምህርት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ብዛት፣ በተማሪዎች ቁጥርና በታወጁት መመሪያዎች ነው። ሕፃኑ ከክፍል ውጭ የሚያሳልፈው ሰዓት ግን በመዝገብ አይገባም፤ በመሆኑም ይህ ሰዓት ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደተለወጠ መምህሩም ሆነ ዕቅድ አውጪው የሚያውቀው በግምት ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው በክፍል ውስጥ የሚያሳየው ትጋት ወይም ድካም፣ መቅረቱም ሆነ ትምህርቱን ማቋረጡ፣ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚሁ ባልተመዘገበው ሰዓት ነው።

ለዚህ ጉዳይ የፓዌን ያህል ግልጽ ምሳሌ የሚሆን ሥፍራ ጥቂት ነው። በበለስ ሸለቆ የምትገኘው ፓዌ በአሁኑ አስተዳደር የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አካል ስትሆን፣ ቀድሞ በጎጃም ክፍለ ሀገር በመተከል አውራጃ ትጠቃለል ነበር። ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ የዚህች አካባቢ ሕፃናት ውሎ ሁለት ጊዜ ከመሠረቱ ተለውጧል። ለውጡን ያመጣው የትምህርት ቤት መከፈት ብቻ አልነበረም፤ ቤተሰቡ የሚያርስበት መሣሪያ፣ ውኃ የሚቀዳበት ርቀትና እህል የሚፈጭበት ዘዴም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ታሪኩ ለዛሬ መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

የአያቶች ዘመን፦ ሥራና ጨዋታ ሳይለያዩ

ከ1977 ዓ.ም. በፊት በበለስ ሸለቆ በዋናነት የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ነበር። ጉሙዝ መሬቱን በዶማ እየቆፈረ ማሽላና ዳጉሳ ይዘራ፣ ማሳው ሲደክምም ወደ ሌላ ሥፍራ ይዘዋወር ነበር። ከእርሻው ጎን አደን፣ ዓሣ ማስገርና ማር መቁረጥ የኑሮው ክፍሎች ነበሩ። ወንዱ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ትንሽ ቀስት ይዞ ዒላማ ይለማመዳል፤ ሴቷ ልጅ እናቷ ከትከሻዋ ላይ በዘንግ ግራና ቀኝ አንጠልጥላ የምትሄደውን ሸክም በአቅሟ መሸከም ትማራለች። የሚበላውን ፍሬ ከማይበላው፣ የመድኃኒቱን ሥር ከመርዙ የሚለዩት ከታላላቆቻቸው ጋር በጫካው ሲውሉ ነው። በመሆኑም ለጉሙዝ ልጅ ጫካው የጨዋታ ሜዳም ትምህርት ቤትም ነበር።

በኋላ ወደ ፓዌ የመጡት ሠፋሪዎች አያቶችም በበኩላቸው በወሎ፣ በሰሜን ሸዋ፣ በከምባታና በሀዲያ ምድር ይኖሩ ነበር። ለአብነት የወሎን ልጅ ብንወስድ፣ በአምስትና በስድስት ዓመቱ ጥጃና ግልገል ይጠብቃል፤ ከፍ ሲል በግና ፍየል፣ ቀጥሎም ከብት ይነዳል፤ ጉልበቱ ሲጠና ደግሞ ሞፈር ይጨብጣል። እረኝነት ከማለዳ እስከ ምሽት የሚዘልቅ ሥራ ቢሆንም በውስጡ ሰፊ ክፍት ጊዜ ነበረበት። ከብቱ በሚግጥበት ሰዓት እረኞቹ መሬት ምሰው በጠጠር ገበጣ ይጫወታሉ፣ ይታገላሉ፣ ዋሽንት ይነፋሉ፤ አዝመራው ከታጨደ በኋላም በሜዳው ላይ ገና ይመታሉ። ማታ በእሳት ዳር ተረትና እንቆቅልሽ ይቀጥላል።

የሴቶች ልጆች ዕጣ ግን ከዚህ የከበደ ነበር። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ታናሽ ማዘልና በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት ተራ በተራ ስለሚመጡባቸው፣ ቅልብልቦሽ የሚጫወቱት በሥራና በሥራ መካከል በሚያገኙት ጥቂት ፋታ ነበር።

መደበኛ ትምህርት የሚያገኘው ልጅ እጅግ ጥቂት ነበር። በክርስቲያኑ ወገን ከቄስ ዘንድ ፊደልና ንባብ ቆጥሮ ዳዊት የሚደግም፣ በእስላሙ ወገን በሉሕ ላይ ቁርአን የሚቀራ ይገኝ ነበር፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከብት ከመሰማራቱ በፊት በማለዳ ወይም ከብት ከገባ በኋላ በማታ ይካሄዳል። የትምህርቱ ሰዓት ለቤተሰቡ ሥራ ተገዝቶ ይወሰን ነበር ማለት ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህን ሁኔታ በሰፊው ነካው። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል አማርኛ፣ ከምባትኛና ሀዲይኛ ይገኙበታል። የጉሙዝ ቋንቋ ግን አልነበረበትም። ስለዚህ በኋላ በአንድ ሸለቆ ጎን ለጎን እንዲኖሩ የተደረጉት ቤተሰቦች ወደ ትምህርት የቀረቡት ከእኩል መነሻ አልነበረም።

የአባቶች ዘመን፦ ትራክተር የእረኛውን ቦታ ሲወስድ

በ1977 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በደረሰው ድርቅና ረሃብ ምክንያት መንግሥት ሰፊ የሠፈራ ፕሮግራም አወጀ። ወደ በለስ ሸለቆ ብቻ ሰማንያ ሺህ ያህል ሰዎች ተጓጉዘው በ48 መንደሮች ሠፈሩ። መንደሮቹ የተጠሩት በቁጥር ነበር፤ «መንደር 7» እና የመሳሰለው አጠራር ለፓዌ ሰው የተለመደው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። ከሠፋሪዎቹ መካከል ያለ ፈቃዳቸው የመጡ፣ ከቤተሰባቸውም የተለያዩ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ወባና ሌሎች በሽታዎች ብዙ ሰው የፈጁባቸው ናቸው። በመሆኑም ስለዚህ ዘመን ልጅነት ሲነገር መከራው ሊዘነጋ አይገባም።

ይህ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በሕፃናቱ ውሎ ላይ የደረሰው ለውጥ ከዚያ በፊት ያልታየ ነበር። ከ1978 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ጀምሮ በኢጣሊያ መንግሥት እርዳታና በሳሊኒ ኩባንያ ሥራ ተቋራጭነት የጣና በለስ ፕሮጀክት ተቋቋመ። ደኑ ተመንጥሮ እርሻው በትራክተር ይታረስ፣ ምርቱም በኅብረት ይሰበሰብ ጀመር። መንገድ፣ የውኃ መስመርና ሆስፒታል ተሠሩ። ቤተሰቡ ከትንሽ የጓሮ መሬት በስተቀር የራሱ ማሳ አልነበረውም። በሌላ በኩል የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ከብት የማያስረባ ስለነበር፣ በብዙ መንደሮች የሚጠበቅ መንጋ አልነበረም።

በዚህ ሁኔታ የወሎው ልጅ እረኝነቱን ያጣው በአንድ ጊዜ ነው። የሚነዳው ከብት፣ የሚጠብቀው የአባቱ ማሳ አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በእግር የሚደረስበት ነበር። ትርፍ ጊዜ የሚባለው ነገር ከሥራ ተለይቶ ራሱን ችሎ የቆመው በዚህ ትውልድ ነው። የወሎ፣ የከምባታና የሀዲያ ልጆች በአንድ ክፍል ተምረው በአንድ ሜዳ የጨርቅ ኳስ ተጫወቱ፤ አማርኛም የጋራ መግባቢያቸው ሆነ። ውኃ በቧንቧ በደረሰበት መንደር የሴቷ ልጅ የእንስራ መንገድ አጠረ። ቤተሰቡ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ለመላክ የሚከፍለው የጉልበት ዋጋ ያን ያህል ቀንሶ አያውቅም ነበር።

ይሁንና የአንዱ ልጅ ጊዜ ሲሰፋ የሌላው ልጅ ዓለም ጠበበ። ለሠፈራውና ለሰፋፊው እርሻ የተመነጠረው ደን የጉሙዝ ልጅ የሚያድንበት፣ የሚማርበትና የሚጫወትበት ሥፍራ ነበር። ጫካው ሲሸሽ የአባቶቹ ትምህርት አብሮ ሸሸ፤ በምትኩ የቀረበለት ትምህርት ቤት ደግሞ በማያውቀው ቋንቋ የሚያስተምር ነበር። በሁለቱ ወገኖች መካከል በመሬት ሳቢያ የተነሣው ቅራኔም በልጆቻቸው መካከል መራራቅን አሳደረ።

የልጆች ዘመን፦ የሥራው መመለስና የጨዋታው መጥበብ

በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥት ለውጥ ጋር ፕሮጀክቱ ተቋረጠ። ትራክተሮቹ ቆሙ፣ ቀለቡ ቀረ፣ ከሠፋሪዎቹም ብዙዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ። ለቀሩት መሬቱ በነፍስ ወከፍ ቤተሰብ ተከፋፈለ። ገበሬው የራሱ ማሳ ባለቤት መሆኑ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ነገር ግን የሚያርስበት በሬ አልነበረውም። ገሚሱ ዶማ አነሣ፤ ገሚሱ እንደምንም አንድ በሬ ገዝቶ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጀ። የእንስሳት መድኃኒት እየተገኘ ሲሄድም መንጋው ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ከመንጋው ጋር እረኝነት ተመለሰ። ማሳው የቤተሰቡ በመሆኑ ዘር፣ አረምና አጨዳ የሕፃናትን እጅ ፈለጉ፤ ዝንጀሮና ወፍ ለመጠበቅም ልጁ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ወጣ። የውኃ መስመሩ በተበላሸበት መንደር ሴቷ ልጅ ወደ ምንጭና ወንዝ ተመለሰች። የአያት ሥራ ለልጅ ልጅ ተላልፏል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ግን አያትየው ትምህርት ቤት ያልነበረው መሆኑ ነው። የዛሬው ልጅ ሥራውን የሚሠራው ከትምህርት ሰዓቱ በተረፈው ጊዜ ነው፤ ጥናቱን የሚያጠናው ደግሞ ከሥራው በተረፈው ጊዜ ነው። በአያቱ ዘመን በሥራው ውስጥ ይገኝ የነበረው ፋታ ለጥናት ተሰጥቷል፤ ለጨዋታ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው።

በአገሪቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች የተሠራበት የፈረቃ ሥርዓትም በዚህ ረገድ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ግማሽ ቀን የተማረ ልጅ የቀረውን ግማሽ ቀን በነፃነት ያሳልፋል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። በገበሬ ቤት ግን ያ ግማሽ ቀን አስቀድሞ ባለቤት አለው።

የዓመቱ አከፋፈልም ተመሳሳይ ችግር አለበት። የትምህርቱ ዘመን በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ ይዘጋል። በበለስ ቆላ በቆሎ የሚዘራው በአብዛኛው በግንቦትና በሰኔ፣ ማለትም በፈተና ወቅት ነው። የሰሊጥ፣ የአኩሪ አተርና የማሽላ አጨዳ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ ትምህርቱ ገና በሚጠናከርበት ጊዜ ይውላል። ክረምቱ እንደ ወጣ የሚበረታው ወባም በእነዚሁ ወራት ተማሪውን ከክፍል ያስቀራል። በመምህሩ መዝገብ ሁሉም «ቀሪ» ተብሎ የሚጻፍ ቢሆንም ምክንያቶቹ የተለያዩ ናቸው፤ መፍትሔያቸውም እንዲሁ።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በመፍቀዱ፣ በክልሉ ለጉሙዝ፣ ለበርታና ለሺናሻ ቋንቋዎች መጻፊያ ተዘጋጅቶ ወደ ትምህርት ቤት ለመግባት በቁ። ይህ የጉሙዝን ልጅ የቆየ ዕዳ በከፊል የሚያቃልል እርምጃ ነው። በአንጻሩ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል የደረሰው ግጭት ብዙ ቤተሰቦችን አፈናቅሎ የየወገኑን ሕፃናት ከትምህርት ገበታ አራቀ። ከዚያው ዘመን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። በእነዚህ ጊዜያት ትምህርት ቤት የሌለበት ቀን ሁሉ ትርፍ ጊዜ አለመሆኑ በግልጽ ታይቷል፤ የተፈናቀለ ልጅ ሰዓት አለው፣ ሜዳና ጓደኛ ግን የለውም።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

የሕፃናት የዕረፍትና የጨዋታ መብት የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ1982 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ይህንኑ ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውንና ጤናቸውን ከሚጎዳ የጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ ያዛል። ከፓዌ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት እነዚህ ድንጋጌዎች በሥራ የሚተረጎሙት ከትምህርት ቤት ግቢ ውጭም ጭምር መሆኑን ነው።

የአባቶቹ ትውልድ ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ ጊዜ ያገኘው በስብከት ብዛት አልነበረም፤ ማሳው በሌላ ኃይል ስለታረሰና ውኃው ስለቀረበ ነው። እንዲሁም የተከታዩ ትውልድ ጊዜ የጠበበው ወላጆች ትምህርትን ስለጠሉ አልነበረም፤ ያ ኃይል በአንድ ጊዜ ተቋርጦ በምትኩ የቀረው የልጅ ጉልበት ስለነበር ነው። ስለዚህ በመንደር አቅራቢያ የሚቆፈር የውኃ ጉድጓድ፣ የሚተከል የእህል ወፍጮና ለከብት የሚደርስ የገንዲ መድኃኒት ከትምህርት ወጪዎች ተርታ ሊታሰቡ ይገባል። ከሁሉም በላይ የሚጠግናቸው ባለሙያና መለዋወጫ አብሮ ካልታቀደ፣ ሲበላሹ ክፍተቱን የሚሞላው ተማሪው፣ በተለይም ተማሪዋ ናት።

የትምህርት ዘመኑን ሲወስኑ የአካባቢውን የዘርና የአጨዳ ወራት ማገናዘብ፣ ፈተናን ከዘር ወቅት ማራቅ፣ የቤት ሥራን በመጠን መስጠት ለክልልና ለወረዳ ባለሙያዎች የማይከብድ እርምጃ ነው። መምህሩም በየወሰነ ትምህርቱ መጀመሪያ ተማሪዎቹን ከትምህርት ቤት ሲወጡ እስከሚተኙ ድረስ ምን እንደሚሠሩ ቢጠይቅና መልሱን ቢመዘግብ፣ ማን በየትኛው ወር እንደሚቀር አስቀድሞ ለማወቅ ይረዳዋል። ገበጣ ለሒሳብ፣ እንቆቅልሽ ለቋንቋ፣ የጉሙዝ ልጅ የዕፀዋት ዕውቀት ለሳይንስ ትምህርት ሊውሉ ይችላሉ፤ በዚህም የአያቶቹ ጨዋታ በሜዳው ላይ ያጣውን ሥፍራ በክፍል ውስጥ ያገኛል።

ይህ ሁሉ ግን ለእውነተኛ ጨዋታ የሚሆን ጊዜን አይተካም። በየትምህርት ቤቱ ግቢ ለሕፃናቱ የተተወ ሜዳና በየቀኑ ሥራም ጥናትም የማይነካው አንድ ሰዓት እንዲኖር ማድረግ፣ የትምህርት ዕቅድ ሲዘጋጅ ከመማሪያ ክፍልና ከመጽሐፍ ጋር አብሮ ሊቆጠር የሚገባው ጉዳይ ነው።