የአራስ ገንፎ ከጓዳ ወደ ጤና ጣቢያ፦ የፎገራ ሜዳ ታሪክ

ከወረታ ከተማ አንሥቶ ወደ ጣና ሐይቅ የሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ ርብና ጉማራ በየክረምቱ ሞልተው የሚተኙበት ምድር ነው። ሩዝ ከመምጣቱ በፊት ሜዳው የሚታወቀው በከብቱ ነበር። የፎገራ ላም በወተቷ የተመሰገነች ናትና የአራስ ማዕድም ከዚያው ይቀዳ ነበር፤ ቅቤ የጠጣ ገንፎ፣ አጥሚት፣ አብሽ፣ ወተት። ወላዲቱ ወንድ ብትወልድ እስከ አርባ፣ ሴት ብትወልድ እስከ ሰማንያ ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ከሥራ ተከልላ በእናቷና በጎረቤቶቿ እጅ ትቀለባለች። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ረዳት የሌላት ድሃ ግን ቀኑ ሳይሞላ ወደ ወፍጮዋ መመለሷ የታወቀ ነው። ዛሬ የምታጠባ እናት በየቀኑ 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ምግብ እንደሚያስፈልጋት ይነገራል። የጓዳው ሥርዓት ቁጥሩን ሳያውቅ ለዚያው ይደክም ነበር።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ሩዝ አስተዋወቁ። ሩዙ ውኃ የተኛበትን መሬት ወደደው፤ «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ከቀበሌ ቀበሌ ተዳረሰ፤ ገበሬውም ገንዘብ አገኘ። በአንጻሩ ግጦሹ ታረሰ፣ የፎገራ ከብትም ቁጥሩ እየመነመነ ሄደ። የአራሷ ወተትና ቅቤ ከዚህ ለውጥ ውጭ ሊሆን አይችልም። የተፈተገ ነጭ ሩዝ በብረት ማዕድን ከጤፍ እጅግ ያንሳል፤ በፕሮቲንም ቢሆን አይስተካከለውም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፊሊፒንስ፣ ኑሯቸው በነጭ ሩዝ ላይ ብቻ የተመሠረተ እናቶች የሚያጠቧቸው ሕፃናት በቤሪቤሪ ይሞቱ ነበር። ሐኪሞቹ ሕፃናቱን ያዳኑት ከሩዝ ፍሩሽካ በተዘጋጀ መድኃኒት ነበር። ፎገራ ፊሊፒንስ አይደለም፤ ሩዙ ከጤፍ ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፣ ከሽሮም ጋር ይበላል። ይሁን እንጂ ነገሩ ለጤና ባለሙያ ሊዘነጋ የሚገባው አይደለም።

በአገር አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ፋፋን አፍርቷል። ስሙ እንደሚመሰክረው ዓይኑ ያረፈው በሕፃኑ ላይ ነበር፤ አጥቢዋ እናት ለባህሉ ተተወች። ለነገሩ አብዛኛዋ እናት የምትወልደው በቤቷ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በጤና ተቋም የተወለዱት 5 በመቶ ብቻ ሲሆኑ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ ደረሱ። እናቲቱ በአምቡላንስ ስትመጣ ገንፎው ከጓዳ ቀረ። ብዙው ጤና ጣቢያ አልጋ እንጂ ወጥ ቤት አልነበረውም፤ ዘመድ በምሳ ዕቃ ካላመጣ ወላዲቱ ጾሟን ታድራለች።

መፍትሔው ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የእናቶች ማቆያ ከፍቶ ነበር። ከጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መስፋፋት በኋላ ማቆያዎች በየገጠሩ ተሠሩ፤ የአካባቢው ሴቶችም እህል እያዋጡ በጤና ጣቢያው ግቢ ገንፎ ማገንፋት፣ ቡና ማፍላት ጀመሩ።

መዋጮው ከማሳው የተገኘውን ይመስላል። በፎገራ ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀሪው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራሉ። ሽምብራው ለአራሷ ማዕድ ፕሮቲን ይጨምራል። ጓያው ሲበዛ ግን እግርን ሽባ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት በሽታው በደንቢያና በፎገራ ተስፋፍቶ እንደነበረ አሳይቷል። ስለዚህ የማቆያውን እህል የሚረከብ ባለሙያ ከመጠኑ አስቀድሞ ዓይነቱን ይጠይቃል።