ከምርጫው በኋላ ያለው ምርጫ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 2006 ዋሽንግተን ውስጥ በር ተዘግቶ 235 ድምፅ ተቆጠረ። ለሜሪላንዱ ስቴኒ ሆየር 149፣ ለፔንሲልቬኒያው ጆን መርታ 86። ዲሞክራቶች የተወካዮች ምክር ቤቱን ከ12 ዓመት በኋላ መልሰው ካሸነፉ ገና ዘጠኝ ቀናቸው ነበር። ያሸነፉበትን ሌሊት በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ያለን ሐበሾች ብዙዎቻችን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን አነጋን። የዘጠነኛውን ቀን ድምፅ ግን ከመካከላችን ልብ ያለው ጥቂት ነው። እኔ የምጽፈው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ምርጫ ነው፤ ሕዝብ ድምፁን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ አሸናፊዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚያካሂዱት። በዚያ ምክር ቤት የአገራችን ጉዳይ እንዲነሣ ወይም እንዲቀበር ያደረገው ከመጀመሪያው ይልቅ ይህ ሁለተኛው ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደሴ ላይ የታሪክ መምህር ነበርኩ። ወደዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ በመሃል ዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ እየሠራሁ ልጆቼን አሳድጌአለሁ። በእኛ አቆጣጠር ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ፊርማ ያሰባሰብንበትን ወረቀት ይዘው የምክር ቤት አባላትን ቢሮ ካንኳኩት አንዱ ነኝ። ቢሮዎቹ ያሉት ከካፒቶሉ በስተደቡብ በተደረደሩ ሦስት ትልልቅ ሕንፃዎች ውስጥ ነው፦ ካነን፣ ሎንግዎርዝ፣ ሬይበርን። ጓደኞቼ የክፍል ቁጥር ሲፈልጉ እኔ ስሞቹ ላይ እቆም ነበር። ሦስቱም አፈ ጉባኤ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ የሦስቱም ታሪክ አብላጫው ወንበር ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ከተሻገረበት ጊዜ ጋር የተሳሰረ ነው።

ሕገ መንግሥታቸው በዚህ ላይ የሚለው አጭር ነው። ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤውንና ሌሎች ሹማምንቱን ይመርጣል ይላል፤ ፓርቲ የሚባል ነገር በውስጡ የለም። የቀረውን የሞላው ልማድ ነው። ያሸነፈው ፓርቲ ለብቻው ተሰብስቦ በምሥጢር ድምፅ መሪዎቹን ይለያል። አዲሱ ምክር ቤት በሚከፈትበት ቀን ደግሞ እያንዳንዱ አባል ስሙ ሲጠራ ለአፈ ጉባኤነት የመረጠውን ሰው ስም በአደባባይ ይናገራል። ሕዝቡ የሚያየው ይህን የኋለኛውን ብቻ ነው።

የኢሊኖዩ ጆሴፍ ካነን ከ1903 እስከ 1911 አፈ ጉባኤ ነበር። የየኮሚቴውን ሰብሳቢ የሚሾመው እሱ፣ የትኛው ረቂቅ ሕግ ለውይይት እንደሚቀርብ የሚወስነውን የሕገ ደንብ ኮሚቴ የሚመራውም እሱ ነበር። በ1910 ማርች ላይ የኔብራስካው ጆርጅ ኖሪስ የገዛ ፓርቲውን አማፅያን ከዲሞክራቶች ጋር አስተባብሮ ከሕገ ደንብ ኮሚቴው አስወጣው። በዚያው ዓመት ምርጫ ዲሞክራቶች ከ16 ዓመት በኋላ አብላጫውን መልሰው ያዙ። ያደረጉትም ትልቅ ነገር ነው፤ የሚዙሪውን ቻምፕ ክላርክን በአፈ ጉባኤው ወንበር ላይ አስቀመጡ፣ ኮሚቴ የመደልደሉን ሥልጣን ግን በአላባማው ኦስካር አንደርዉድ ለሚመራው የግብር ሕግ ኮሚቴ ሰጡት። መዶሻው ለአንዱ፣ ሹመት ለሌላው ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አፈ ጉባኤው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ብቻውን በቂ አልነበረም።

የኒኮላስ ሎንግዎርዝ ታሪክ እኔን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በ1930 ኖቬምበር ምርጫ ፓርቲው ሪፐብሊካን 218 ወንበር፣ ዲሞክራቶች 216፣ አንዱን ደግሞ ሦስተኛ ፓርቲ አገኙ። በዚያ ዘመን የተመረጠው ምክር ቤት ሥራ የሚጀምረው ከ13 ወር በኋላ ነበር። በእነዚያ ወራት ውስጥ ከተመራጮቹ 14 ሰዎች ሞቱ። ሎንግዎርዝ ራሱ በ1931 ኤፕሪል ላይ በሳንባ ምች አረፈ። አገሩ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ይራብ ስለነበር ሕዝቡ በየማሟያ ምርጫው ለተቃዋሚው አደላ፤ ዲሴምበር ላይ ምክር ቤቱ ሲከፈት አብላጫው የዲሞክራቶች ሆኖ ተገኘ። የቴክሳሱ ጆን ናንስ ጋርነር አፈ ጉባኤ ሆነ። ጋርነርና ሎንግዎርዝ በፓርቲ ይለያዩ እንጂ የልብ ወዳጆች ነበሩ። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት በዚያ ዘመን በካፒቶሉ ውስጥ በደበቋት ትንሽ ክፍል ከየፓርቲው አባላትን ሰብስበው እየቀማመሱ ስንቱን ጉዳይ ይጨርሱ ነበር፤ ክፍሏንም የትምህርት ቦርድ ይሏት ነበር። የአንዱ ቀብር ለወዳጁ ሹመት መንገድ ከፈተ። በ1933 የጸደቀው 20ኛው ማሻሻያ ያንን ረጅም ጥበቃ አሳጥሮ የምክር ቤቱን መክፈቻ ጃንዋሪ 3 ላይ አደረገው። እኛ የምናውቀው ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ያለው ጥድፊያ የመጣው ከዚያ ነው።

ወደ ሬይበርን ልምጣ። የቴክሳሱ ሳም ሬይበርን በ1940 አፈ ጉባኤ ሆነ፤ ፓርቲው በ1946 ተሸነፈ፣ በ1948 መልሶ አሸነፈ፣ በ1952 ደግሞ ተሸነፈ፣ በ1954 እንደገና አሸነፈ። በእያንዳንዱ ጊዜ ከማሳቹሴትሱ ሪፐብሊካን ከጆሴፍ ማርቲን ጋር ወንበር ተለዋወጡ፤ ወዳጅነታቸው ግን አልተቋረጠም። ለአፈ ጉባኤነት ከሬይበርን ጋር የሚወዳደር ሰው በፓርቲው ውስጥ አልነበረም። ችግሩ ከእሱ በታች ነበር። የኮሚቴ ሰብሳቢነት የሚገኘው በአገልግሎት ዘመን ርዝመት ነበር፤ ረጅም ዘመን የሚቀመጡት ደግሞ ተፎካካሪ ፓርቲ በሌለበት፣ ጥቁሮች ድምፅ እንዳይሰጡ በተከለከሉበት በደቡብ የተመረጡ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ በ1955 ጃንዋሪ አብላጫው ሲመለስ የሕገ ደንብ ኮሚቴው መዶሻ ለቨርጂኒያው ሃዋርድ ስሚዝ ደረሰ።

ይህ ሰው የሚወክለው እኔ የምኖርባትን አሌክሳንድሪያን ነበር። ዛሬ የሐበሻ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን የሞላባት ከተማ እንደራሴ በዘር መለያየት የሚያምንና ለዚያም በግልጽ የሚታገል ሰው ነበር። የሲቪል መብት ረቂቅ ሲመጣበት ኮሚቴውን አይጠራም፤ ሰብሳቢው ካልጠራ ስብሰባ የለም። በ1957 ጎተራ ተቃጥሎብኛል ብሎ ወደ እርሻው ሄዶ ተሰወረ፤ ረቂቁም ቆሞ ጠበቀው። የመላው አገር ሕዝብ በ1954 ለዲሞክራቶች ድምፁን ሲሰጥ ስሚዝን ለዚህ ወንበር የመረጠ ማንም የለም። ሬይበርን ራሱ እሱን ለማለፍ እስከ 1961 ፈጀበት፤ የኮሚቴውን አባላት ከ12 ወደ 15 ለማሳደግ ጉዳዩን ለመላው ምክር ቤት አቅርቦ ያሸነፈው በ217 ለ212 ነው። አምስት ድምፅ! ያንን ያህል የተከበረ አፈ ጉባኤ በገዛ ፓርቲው ሰብሳቢ ላይ በዚህ ጠባብ ልዩነት ማለፉን ሳነብ፣ እኛ በየዋህነት አንድ መሪ ካሳመንን ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለን የነበረው ትዝ ይለኛል። ስሚዝ በ1966 በፓርቲው የውስጥ ምርጫ እስኪሸነፍ ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሣም።

በ1975 አዲስ የገቡ ዲሞክራቶች ሦስት አንጋፋ ሰብሳቢዎችን በምሥጢር ድምፅ አወረዱ፤ የአገልግሎት ዘመን ብቻውን ዋስትና መሆኑ ያኔ አበቃ። በ1994 ሪፐብሊካኖች ከ40 ዓመት በኋላ ሲመለሱ ደግሞ ኒውት ጊንግሪች ተራ የደረሳቸውን አልፎ የሚፈልጋቸውን ሰዎች በሰብሳቢነት አስቀመጠ፤ አንድ ሰብሳቢ ከስድስት ዓመት በላይ እንዳይቆይም ገደብ ተጣለ። እንዲህ ኃያል የነበረው ሰው እንኳ ዊፕ ለሚሉት የፓርቲ ተጠሪነት ወዳጁን ሮበርት ዎከርን ሲፈልግ፣ አባላቱ የቴክሳሱን ቶም ዲሌይን በ119 ለ80 መረጡ፤ ሦስተኛው 28 አገኘ። በር ተዘግቶ በምሥጢር ድምፅ ሲሰጥ የአለቃ ፊት አይታይም።

በ2006ም የሆነው ይኸው ነው። ናንሲ ፔሎሲ ለአፈ ጉባኤነት በአንድ ድምፅ ታጨች፤ የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ልትሆን ነው። እሷና ሆየር በወጣትነታቸው በ1960ዎቹ በሜሪላንዱ ሴናተር ዳንኤል ብሩስተር ቢሮ አብረው የሠሩ ናቸው፤ በ2001 ግን ለተጠሪነት ተወዳድረው 118 ለ95 አሸንፋዋለች። አሁን ለብዙኃኑ መሪነት መርታን እንደምትደግፍ በደብዳቤ አስታወቀች። መርታ የቀድሞ የማሪን ጓድ ወታደር ነበር፤ በ2005 ከኢራቅ እንውጣ ብሎ ፓርቲውን ያነቃቃ ሰው ነው። ነገር ግን ሆየር ለዓመታት በየአባላቱ ወረዳ እየዞረ ሲቀሰቅስላቸውና ገንዘብ ሲያሰባስብላቸው ኖሯል፤ የመርታ ስም ደግሞ ከ1980ው የአብስካም ሙስና ምርመራ ጋር እንደገና ተነሣ፣ ክስ ባይቀርብበትም። አባላቱ ፔሎሲን በሙሉ ልብ መርጠው ወዲያው የጠየቀቻቸውን ነፈጓት። በየሳምንቱ ምን ለድምፅ እንደሚቀርብ የሚቆርጠው መሪ ሆየር ሆነ።

ይህ እኛን እንዴት ነካን? በ2006 የኒው ጀርሲው ሪፐብሊካን ክሪስ ስሚዝ የአፍሪካ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ስለ ኢትዮጵያ ዲሞክራሲና ሰብዓዊ መብት ረቂቅ አቅርቦ ነበር፤ ኤች አር 5680 እያልን የምንጠራው። ጁን ላይ ኮሚቴውን አለፈ። ከዚያ ወዲያ የምክር ቤቱ መሪዎች ለድምፅ ሳያቀርቡት ዓመቱ አለቀ። ስሚዝን ስናመሰግን፣ ፊርማ ስናሰባስብ፣ ስንሰለፍ ከረምን፤ ቁልፉ በእሱ እጅ እንዳልነበረ የገባን ዘግይቶ ነው። በ2007 ጃንዋሪ አብላጫው ሲቀየር የንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢነት ለሌላው የኒው ጀርሲ ሰው፣ ለኒዋርኩ ዶናልድ ፔይን ደረሰ። ሁለቱ በኢትዮጵያ ጉዳይ የሚስማሙ ነበሩ፤ የተቀየረው የወንበራቸው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ፔይን ኤፕሪል ላይ ተመሳሳይ ረቂቅ፣ ኤች አር 2003ን አቀረበ፤ ኦክቶበር 2 ቀን 2007 የተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀው። በእኛ መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ዕለት ነበር፣ በአዲሱ ሚሊኒየም የመጀመሪያ ወር። አብረውኝ ፊርማ ሲያሰባስቡ ከነበሩት አንዱ አዛውንት ስልክ ደውለው «መምህር፣ እመቤታችን ናት ያሳለፈችው» አሉኝ። «አሜን ጋሼ፣ ሴኔቱ ግን ገና ነው» አልኳቸው።

እውነትም ገና ነበር። ሴኔቱ በእነዚሁ ዲሞክራቶች እጅ ሆኖ ሳለ፣ የኦክላሆማው ሴናተር ጄምስ ኢንሆፍ አጥብቆ ተቃወመው፤ ረቂቁ ከውጭ ጉዳይ ኮሚቴው ሳይወጣ የምክር ቤቱ ዘመን አበቃና አብሮ ወደቀ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ከዚህ ሥራ የወጣው ያኔ ነው። እኔ አልፈርድባቸውም፤ ግን አንድ ረቂቅ ሲወድቅ የት ቦታ፣ በማን እጅ እንደወደቀ መዝግበን ቢሆን ኖሮ ለሚቀጥለው ዙር ስንቅ ይሆነን ነበር።

የኮሎራዶ ልጆቻችን ይህን ከእኛ በተሻለ ተምረውታል። ስለ ኢትዮጵያ የቀረበው ኤች ሬስ 128 የተባለው ውሳኔ ኮሚቴውን አልፎ ለወራት ሲቆይ፣ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት የኦሮራ እንደራሴ ማይክ ኮፍማን የብዙኃኑን መሪ ኬቪን ማካርቲን እንዲጎተጉት ያለ ዕረፍት ገፉት፤ ኤፕሪል 10 ቀን 2018 ጸደቀ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር አብላጫው ወደ ዲሞክራቶች ተመለሰ፣ ኮፍማንም ወንበሩን አጣ። ፔሎሲ በፓርቲዋ ዝግ ስብሰባ 203 ለ32 ታጭታ ከሬይበርን ወዲህ መዶሻውን አጥቶ ለመመለስ የመጀመሪያዋ ሆነች። ወላጆቹ ከኤርትራ የመጡት ጆ ኔጉስም ያኔ ተመርጦ ገና በመጀመሪያ ዘመኑ በአዲስ ገቢዎቹ ወኪልነት ከአመራሩ ጋር ተቀመጠ። በ2022 ሪፐብሊካኖች ሲመለሱ ማካርቲ በዝግ ስብሰባ 188 ለ31 ቢያሸንፍም በአደባባይ 15 ጊዜ ድምፅ ተሰጥቶበታል፤ ለማለፍ ብሎ የፈቀደው ደንብ በዘጠኝ ወሩ ከወንበሩ አወረደው።

እዚህ አገር ዜግነት ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ እዚሁ የተወለዳችሁ ልጆቻችን፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የምክር ቤት ምርጫ ባለፈ ማግስት ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ አትበተኑ። ወደ እንደራሴያችሁ ቢሮ ደውሉና በዝግ ስብሰባው ለብዙኃኑ መሪነት ማንን እንደሚደግፍ፣ የአፍሪካን ንዑስ ኮሚቴ ማን እንዲመራ እንደሚፈልግ ጠይቁት። መልሱን ጻፉት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ድምፃችሁን ሊለምን ሲመጣ አንብቡለት።