የውሻ መናፈሻ በመኖሪያ ሰፈር፡ አጥሩ ከመታጠሩ በፊት

ውሾች ከማሰሪያቸው ተፈትተው የሚሮጡበት፣ ዙሪያው የታጠረ የሕዝብ ቦታ በእኛ ከተሞች የተለመደ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ግን እንደ ሕጻናት መጫወቻና እንደ ኳስ ሜዳ ሁሉ በከተማ ፕላን ቦታ የሚያዝለት አገልግሎት ኾኗል። ዋናው ምክንያት ሕግ ነው። በብዙዎቹ ከተሞች ውሻን በአደባባይ ያለ ማሰሪያ መልቀቅ ያስቀጣል። ግቢ በሌለው ፎቅ ቤት የሚኖር ሰው ውሻውን የሚያስሮጥበት ቦታ ያጣል። ጉልበቱን የሚያወጣበት ያጣ ውሻም ቤት ውስጥ ይጮኻል፤ ዕቃ ያበላሻል።

በአሜሪካ የመጀመሪያው እንደኾነ በሰፊው የሚነገርለት በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በበርክሌይ ከተማ የሚገኘው የኦሎኒ የውሻ መናፈሻ ነው። የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ነው። ቦታው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ሲሠራ ቤቶች ፈርሰው ክፍት ከቀረው መሬት ላይ የተወሰደ ነው። ዙሪያው ግን መኖሪያ ሰፈር ነበር፤ አሁንም ነው። የዚህ ዓይነት መናፈሻ ችግር ከዚህ ይጀምራል። ከሰፈር ከራቀ ሰው በእግሩ አይደርስበትም፤ ከቀረበ ደግሞ ጎረቤት እንቅልፍ ያጣል።

ከሁሉም የሚከብደው ድምፅ ነው። በእኛ ዘንድ “ውሻ በበላበት ይጮኻል” ይባላል፤ ጩኸቱ ቤቱን የመጠበቁ ምልክት ነው። በመናፈሻው ግን ውሻው የሚጠብቀው ቤት የለም፤ ቀኑን ሙሉ ጩኸቱን የሚሰማውም አብልቶ ያሳደገው ሰው አይደለም።

ድምፅ በክፍት ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በ10 ሜትር ርቀት ላይ 80 ዴሲቤል የነበረ ጩኸት በ20 ሜትር 74፣ በ40 ሜትር 68፣ በ80 ሜትር 62 ይኾናል። አጠገባችን ያለ ሰው በመደበኛ ድምፁ ሲያወራ 60 ዴሲቤል ገደማ ነውና፣ ሰማንያ ሜትር የራቀው ጩኸት እንኳ ሌሊት በደንብ ይሰማል ማለት ነው። የሽቦ አጥር ድምፅን ፈጽሞ አያስቀርም። አንድ ረድፍ ዛፍ መትከልም ብዙዎች እንደሚያስቡት አይረዳም። ድምፁን የሚቀንሰው በውሻውና በመኖሪያ ቤቱ መካከል የሚቆም ድፍን ግንብ ወይም የአፈር ክምር ነው። ይኹን እንጂ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ሌላ ጥቅም አለው፤ ውሻው መንገደኛውንና በመንገድ የሚያልፈውን ሌላ ውሻ ካላየ የሚጮኽበት ምክንያት ይቀንሳል።

ጩኸት የሚበረታው አዲስ ውሻ ሲገባ፣ በበሩ አካባቢ ነው። ስለዚህ በሩና የመኪና ማቆሚያው ከቤቶቹ በተቃራኒው ወገን ቢኾኑ ይመረጣል። ይህ በንድፍ ወቅት ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ ከተሠራ በኋላ ግን አጥር ማፍረስን ይጠይቃል።

የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ለማኅበረሰቦች ባዘጋጀው ምክር ቦታው ቢያንስ አንድ ኤከር፣ ማለትም 4 ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ እንዲኾን፣ አጥሩም ከ1 ነጥብ 2 እስከ 1 ነጥብ 8 ሜትር ከፍታ እንዲኖረው ያመለክታል። መግቢያው ድርብ በር ቢኾን ይመረጣል። ባለቤቱ በመጀመሪያው በር ገብቶ ከኋላው ይዘጋል፤ በሁለቱ በሮች መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ማሰሪያውን ይፈታል፤ ከዚያ ሁለተኛውን በር ይከፍታል። አንዱ በር ሁልጊዜ ዝግ ስለኾነ ውሻ አምልጦ ወደ መንገድ አይወጣም። ለትናንሽ ውሾች የተለየ ክፍል ማዘጋጀትም የተለመደ ነው።

ሌላው የጎረቤት ቅሬታ ሽታ ነው። ገበሬ የከብት ፍግን ዋጋ ያውቃል፤ የውሻ ሰገራ ግን እንደዚያ አይደለም። በውስጡ የሚገኝ የወስፋት ትል እንቁላል በአፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይና ሰውን፣ በተለይም ሕጻናትን ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ ለአትክልት ማሳ አይውልም፤ ተለቅሞ ክዳን ባለው ማጠራቀሚያ መግባትና በየጊዜው መነሳት አለበት። የመሬቱ ተዳፋትም ታይቶ፣ የዝናብ ጎርፍ ወደ ጎረቤት ግቢ ወይም ወደ ጉድጓድ ውኃ እንዳይወርድ መደረግ ይኖርበታል።

በመናፈሻው የሚገባ ውሻ ክትባት የወሰደ መኾን አለበት። ይህ ለእኛ ከአጥሩም በላይ የሚያሳስብ ነጥብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚኾነው የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ ስርጭቱን ለመግታትም ቢያንስ 70 በመቶ የሚኾኑ ውሾች መከተብ አለባቸው። አብዛኛው ውሻ ባለቤት ቢኖረውም ውሎው በጎዳና በኾነበት ከተማ፣ ክትባት ሳይቀድም ውሾችን በአንድ ቦታ መሰብሰብ አደጋን መሰብሰብ ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ለማለት ይቻላል።

ጎረቤቶች መጠየቅ ያለባቸው ቦታው ተመርጦ ካለቀ በኋላ ሳይኾን ምርጫው ገና ሲጀመር ነው። ጥያቄውም “ትስማማላችሁ ወይ?” ብቻ ከኾነ መልሱ አይጠቅምም። ስንት ሰዓት ይከፈታል? ማን ይዘጋል? ማታ መብራት ይኖራል? ሰገራው ሳይነሳ ሦስት ቀን ቢያልፍ ለማን ይደወላል? ሕጻን የሚያስተኛና የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን የሚተኛ ጎረቤት ስለ ሰዓቱ የሚሰጡት መልስ ይለያያል፤ ሁለቱም መሰማት አለባቸው። በብዙ ከተሞች በየዕለቱ የሚከታተሉት ፈቃደኛ የውሻ ባለቤቶች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ቡድን ሳይቋቋም አጥር ማጠር አይመከርም። በጊዜያዊ አጥር ለጥቂት ወራት ሞክሮ፣ ክረምትንም በጋንም አይቶ መወሰን ይቻላል። የሙከራው ጊዜ ሲያበቃ መናፈሻው ሊዘጋ እንደሚችል ለሁለቱም ወገን አስቀድሞ በጽሑፍ መነገር አለበት።