«ከዚያ በኋላ ልጁን ምን አደረጉት?» – የሕንድ ተማሪዎች ታሪክ

ዛሬ ስለ ሕንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችና ስለ ተማሪዎቻቸው ፖለቲካ ነው የማወራችሁ። «ሕንድን ምን አመጣት?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ የጀመረው ሰንበት ላይ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሳለ ነው።

ለትምህርቴ የማነብበትን አንድ ፎቶ ለትልቁ አጎቴ በስልኬ አሳየኋቸው። አንድ ወጣት ተማሪ ከወረቀት ላይ ያነባል፤ ከጎኑ ኢንዲራ ጋንዲ ቆመው ያዳምጣሉ። አጎቴ ጎንደር ሲማሩ የሒሳብ አስተማሪያቸው ሕንዳዊ ነበሩ፤ ሕንድ ሲባል ጆሯቸው ይነቃል። ፎቶውን ትክ ብለው አዩና «ከዚያ በኋላ ልጁን ምን አደረጉት?» አሉኝ።

ጥያቄያቸውን ያዙልኝ፤ ታሪኩን ከሥሩ ልጀምር። ዓመታቱን እንደ ፈረንጆች ነው የምቆጥረው።

ዲሴምበር 1973፣ ጉጅራት ውስጥ አሕመዳባድ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የምህንድስና ኮሌጅ የተማሪዎች ምግብ ሒሳብ በ20 በመቶ ጨመረ። ተማሪዎቹ አመፁ። ያን ጊዜ እህሉም ዘይቱም ተወድዶ ነበርና ሌላውም ሕዝብ ተከተላቸው። ብዙ ሰው ሞተ። በፌብሩዋሪ 1974 የክፍለ ግዛቱ መሪ ቺማንባይ ፓቴል ሥልጣን ለቀቁ። የምግብ ሒሳብ መንግሥት ጣለ ማለት ነው!

በማርች ደግሞ የቢሃር ተማሪዎች ተነሡ። ከእንግሊዝ ጋር ለነፃነት የታገሉትን የ71 ዓመቱን ሽማግሌ ጃያፕራካሽ ናራያንን «ምሩን» አሏቸው። እንቅስቃሴው እየሰፋ ሄደ። ጁን 25 ቀን 1975 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ለ21 ወር ጋዜጣ በሳንሱር ታፈነ፤ ተቃዋሚም ታሰረ።

ተማሪዎቹንስ ምን አደረጓቸው? የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር መሪ የነበረው አሩን ጄትሊ 19 ወር ታሰረ። የጃዋሃርላል ኔህሩ ዩኒቨርሲቲው ሲታራም የቹሪም ታሰረ። አንዱ ቀኝ፣ ሌላው ግራ፤ በሐሳብ እሳትና ጭድ ናቸው። በኋላ ጄትሊ የገንዘብ ሚኒስትር፣ የቹሪ ደግሞ የኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ሆኑ።

ጃዋሃርላል ኔህሩ ዩኒቨርሲቲ በ1969 ዴልሂ ውስጥ የተከፈተ፣ በኢንዲራ አባት ስም የተሰየመ ነው። ለረጅም ጊዜ ወደኋላ ከቀሩ አውራጃዎች ለሚመጡ ተማሪዎች በመግቢያው ላይ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ ማደሪያውም ርካሽ ነው። የማኅበራቸውን ምርጫ የሚያስፈጽሙት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከምርጫው በፊት ተወዳዳሪዎቹ ማታ በሕዝብ ፊት ይከራከራሉ። እኛ ጋ አጉዳ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የተማሪ ቀን ኮንሰርት ነው፣ አይደል?

በማርች 1977 ኢንዲራ በምርጫ ተሸነፉ። የዚያ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር፣ ማለትም የበላይ ኃላፊ፣ እንደሆኑ ግን ቀሩ። በሴፕቴምበር ተማሪዎቹ ሰልፍ ይዘው ቤታቸው ድረስ ሄዱ። ኢንዲራ ወጡ። የማኅበሩ መሪ የቹሪ በአዋጁ ዘመን የተሠራውን በደል ፊት ለፊታቸው ቆሞ አነበበላቸው፤ «ይልቀቁ» ብሎም ጠየቀ። ብዙም ሳይቆይ ለቀቁ። ፎቶው ይሄ ነው። በዋትስአፕ «በ1975 ኢንዲራ ተማሪውን አስገድደው ይቅርታ ሲያስነብቡት» እየተባለ ይዞራል፤ ውሸት ነው፣ እንዳትቀበሉት።

እና ለአጎቴ መለስኩላቸው፦ «ምንም አላደረጉትም። ኖሮ፣ ኖሮ፣ በ2024 በ72 ዓመቱ ሞተ።»

አጎቴ ዝም አሉ። ያ ሴፕቴምበር እኮ በእኛ በ1969 ማብቂያና በ1970 መግቢያ ላይ ነው። ጎንደር ላይ ቀይ ሽብር ነበር፤ ወረቀት ይዞ የተገኘ ተማሪ ወደ ቤቱ አይመለስም። «ከክፍላችን ልጆች…» ብለው ጀመሩና ተዉት። እኔም አልገፋሁም።

ሕንድን ገነት ላደርጋት አይደለም። በ2015 በሃይደራባድ ዩኒቨርሲቲ አምስት ተማሪዎች ከተቀናቃኝ ቡድን ጋር በተነሣ ግጭት ሰበብ ከማደሪያ ተባረሩ። በትውልድ ምክንያት ለተናቁት ለዳሊቶች መብት የሚታገል ማኅበር አባላት ነበሩ። ደጅ ላይ ድንኳን ጥለው አደሩ። ከእነሱ አንዱ የዶክትሬት ተማሪው ሮሂት ቬሙላ ነበር። የምርምር ድጎማውም ለወራት አልተከፈለውም ነበር። ጃንዋሪ 17 ቀን 2016 ራሱን አጠፋ። በመላው ሕንድ ተማሪ ሰልፍ ወጣ።

በ2019 ደግሞ እዚያው ኔህሩ ዩኒቨርሲቲ የአንድ ሰው ክፍል ኪራይ በወር ከ20 ሩፒ ወደ 600 ሩፒ ይግባ ሲባል ተማሪው እንደገና አደባባይ ወጣ። ለሀብታም ልጅ 600 ሩፒ ምንም አይደለም። ለገበሬ ልጅ ግን መማርና አለመማር ነው።

እኔ ከዚህ የተማርኩት፣ የተማሪ ፖለቲካ ከገበታና ከአልጋ እንደሚነሣ ነው። አንድ አገር ምን ዓይነት አገር እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ተማሪው ያነበበውን ወረቀት ብቻ አይቶ መፍረድ አይበቃም። የአጎቴን ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ከዚያ በኋላ ልጁን ምን አደረጉት?

እናንተም ቤታችሁ ውስጥ በዚያ ዘመን ተማሪ የነበረ ሰው ካለ፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ካሉ ደግሞ አብራችሁ ቁጭ በሉ። እስከሚቀጥለው ቸር እንሰንብት።