የወግዲ ተከሳሽ መቃወሚያውን የት ያቅርብ?

«የድንበር ክርክሬ ሳያልቅ ወግዲ ላይ በወንጀል ተከሰስኩ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክሱን ይሰርዝልኛል?» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ህንድ ቢሆን ይቻል ነበር። እኛ ዘንድ በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት መቃወሚያው የሚቀርበው ጉዳዩን ለያዘው ለዚያው ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ክሱ እንደተነበበ ነው። አንቀጽ 130 ይርጋን፣ ምሕረትን፣ በዚያው ነገር ቀድሞ መፈረድን ይጠቅሳል። ለጠያቂዎቼ የሚጠቅመው ግን «ሌላ ክርክር ሳይወሰን የወንጀሉ ጉዳይ ሊወሰን አይችልም» የሚለው ምክንያት ነው፤ ክሱን ባያጠፋም ያቆየዋል። ዝም ያለ ተከሳሽ በኋላ ማንሳት ይከብደዋል። መቃወሚያው ውድቅ ቢሆን ደግሞ፣ ወደ በላይ ፍርድ ቤት መሮጥ ከንቱ ድካም ነው፤ በአንቀጽ 184 መሠረት ወዲያው ይግባኝ አይባልበትም። ነጥቡ የሚነሳው ከመጨረሻው ፍርድ ይግባኝ ጋር ስለሆነ፣ መቃወሚያው መዝገቡ ላይ መስፈሩን ያረጋግጡ።