ወደ ተራራው ከመውጣታችን በፊት፦ የኮሎራዶ ትራውት ዓሣ ታሪክ

ማኅበራችን አሥረኛ ዓመቱን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት የመዝናኛ ኮሚቴው ካቀረባቸው ሐሳቦች አንዱ፣ በመጪው በጋ ቤተሰቦቻችንን ይዘን ከዴንቨር ወደ ሮኪ ተራሮች እንውጣና ዓሣ እናጥምድ የሚል ነበር። ያውም በመረብ ወይም በትል ሳይሆን የአገሩ ሰዎች «ፍላይ ፊሺንግ» በሚሉት ዘዴ፣ ማለትም ላባና ክር መንጠቆ ላይ ጠምጥሞ ዝንብ በማስመሰል ነው። ሐሳቡ በጭብጨባ አለፈ። ጭቅጭቁ የመጣው አንድ አባል የግዛቱን የዓሣ ማጥመጃ ደንብ ከፍቶ፣ በአንዳንድ ወንዞች የተያዘ ዓሣ ወዲያውኑ ወደ ውኃው መመለስ እንዳለበት ባነበበ ጊዜ ነው። አንድ አባት ተነሥተው «ይዘን የምንለቀው ከሆነ ምን ልንሠራ ነው የምንሄደው? ዓሣውን እንዴት ዋልህ ልንለው ነው?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲበርድ ግን ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ እኔም «አንተ ታሪክ ትወዳለህ፣ ለመጽሔቱ አንድ ነገር ጻፍ» ተብዬ ይህችን ለማዘጋጀት ተገደድሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በዝንብ የማጥመድ ጥበብ የአሜሪካኖች ፈጠራ አይደለም። በ200 ዓ.ም. ገደማ በሮም የኖረው ኤልያን የተባለ ጸሐፊ፣ የመቄዶንያ ሰዎች ቀይ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ በመንጠቆ ላይ እየጠመጠሙ ወንዝ ውስጥ ዓሣ ሲያታልሉ እንደነበር ጽፏል። በእንግሊዝ አገርም በ1496 ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚያስተምር ጽሑፍ ታትሟል። የዘዴው ምሥጢር አጭር ነው፤ ሰው ሠራሹ ዝንብ ክብደት ስለሌለው በራሱ አይወረወርም፣ የሚወረወረው ከበድ ተደርጎ የተሠራው ክር ነው፣ ዝንቡ ተከትሎት ይሄዳል። በልጅነቱ በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ሰው የክንዱን ስልት ቶሎ ይይዘዋል ብዬ አምናለሁ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ክሩ ከጮኸ ዝንቡ ተበጥሶ መሄዱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዓሣው እንመለስ። ተራራው ላይ የምንፈልገው ትራውት የሚባለው ዓሣ ነው። ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ ካልሆነ አይኖርም፤ የውኃው ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ መጨነቅ ይጀምራል። ሰፋሪዎች ከመምጣታቸው በፊት በኮሎራዶ ተራሮች የነበረው ትራውት አንድ ወገን ብቻ ነበር። ስሙ ከትስሮት ሲሆን ከመንጋጋው ሥር በቢላዋ የተሠነጠቀ የሚመስል ቀይ መስመር ስላለው «ጉሮሮው የታረደ» ለማለት ነው። ዘሩ እንደየወንዙ ይለያያል። ዴንቨርን አቋርጦ በሚያልፈው በሳውዝ ፕላት ወንዝ ራስጌ የነበረው ግሪንባክ፣ «ጀርባው አረንጓዴ» ይባላል። በነገራችን ላይ ግሪንባክ የዶላርም የቅጽል ስም ነው፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ አሥር ዓመት ሙሉ ሲያሳድዱ የኖሩት ያኛውን ግሪንባክ ነው።

በ1858 ዛሬ ዴንቨር ባለችበት አካባቢ ወርቅ መገኘቱ ተሰማ፤ በተከታዩ ዓመት ሕዝብ ወደ ተራራው ጎረፈ። ወርቅ ቆፋሪ መብላት አለበትና ዓሣው በገፍ እየተያዘ ለማዕድን መንደሮችና ለሆቴሎች ይሸጥ ጀመር። ከማዕድን ጉድጓዶች የሚወጣው እጣቢ ወንዞቹን መረዘ። ግድቡና የመስኖው ቦይ ደግሞ ዓሣው ለመራባት ሽቅብ የሚወጣበትን መንገድ ዘጋ። በዚያው ዘመን ተራራውን ርስቴ ብሎ ይኖር ከነበረው የዩት ሕዝብ አብዛኛው በ1881 በጦር ኃይል ተገድዶ ወደ ዩታ ተሰደደ። ሌድቪል አጠገብ ባሉት መንትያ ሐይቆች ይገኝ የነበረው ክንፈ ቢጫ ትራውት በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዘሩ ጨርሶ ጠፋ፤ ዛሬ የሚታየው በሙዚየም ብልቃጥ ውስጥ ብቻ ነው።

ወንዞቹ ባዶ እየሆኑ ሲሄዱ መፍትሔ ሆኖ የታየው ከሌላ አገር ዓሣ ማምጣት ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በ1871 የዓሣ ኮሚሽን አቋቋመ። ከምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ብሩክ ትራውት መጣ። ከካሊፎርኒያ፣ ከማክላውድ ወንዝ፣ ሬይንቦ ወይም ቀስተ ደመና ትራውት መጣ። በ1883 ደግሞ ፎን ቤር የተባሉ የጀርመን ባላባት የብራውን ትራውት ዕንቁላል በመርከብ ወደ ኒውዮርክ ለፍሬድ ማዘር ላኩ፤ ሁለቱ ሰዎች የተዋወቁት በ1880 በበርሊን በተደረገው የዓሣ ኤግዚቢሽን ላይ ነው። በዓመቱ ጫጩቶቹ ሚሺጋን ውስጥ ወንዝ ገቡ፤ ዘራቸው ውሎ አድሮ ወደ ምዕራብ ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። ኮሚሽኑ ከ1881 ጀምሮ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠሩ የባቡር ፉርጎዎች ነበሩት። ዓሣው በወተት ቢዶን መሰል ዕቃ ተሞልቶ፣ ውኃው እንዳይሞቅ በበረዶ እየቀዘቀዘ፣ ሠራተኞች ሌሊቱን ሙሉ ውኃውን እያናፈሱ አገር ያቋርጥ ነበር። የመጨረሻው ፉርጎ ሥራውን ያቆመው በ1947 ነው። በ1889 በሌድቪል የተቋቋመው የፌዴራል ዓሣ ማራቢያም ከተራራው ግርጌ እንዳለ ነው፤ ወደዚያ ከሄድን ልጆቹን ይዘን ጎራ ብንል አይቆጨንም።

እንግዲህ በዛሬው ቀን ከዴንቨር ወጥቶ በአንዱ ወንዝ ውስጥ መንጠቆ የሚጥል ሰው ከፍ ሲል የሚያገኘው ጀርመናዊውን፣ ካሊፎርኒያዊውን ወይም የምሥራቁን ሰው ነው። የአገሩን ልጅ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። እንግዶቹ ምግቡን ተሻሙት፤ ሬይንቦው ከከትስሮቱ ጋር ተዳቀለና ዘሩን አደባለቀው፤ ብሩክ ትራውት ደግሞ በብዛት እየተዋለደ ቦታውን ያዘበት። በእንግሊዝኛ የተጻፉት መጽሐፎች ስለ እነዚህ ዓሦች ሲናገሩ «ነባር» እና «መጤ» እያሉ ይከፍሏቸዋል። መጤ የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ ምን ያህል ሰው እንዳስለቀሰ ስለማውቅ ብዕሬ አልታዘዝልህ አለኝ። ሆኖም ዓሣው በገዛ ፈቃዱ እንዳልመጣ መዘንጋት የለበትም፤ በቢዶን ተጭኖ መጥቶ የተደፋ ነው።

በ1937 ግሪንባክ ከምድር ገጽ ጠፍቷል ተብሎ ተጻፈ። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ከፍተኛ በሆኑ ትናንሽ ጅረቶች ውስጥ ግሪንባክ የሚመስሉ ጥቂት ዓሦች ተገኙና ትልቅ ደስታ ሆነ። በሕግ ተጠበቁ፤ በማራቢያ ተባዝተው በብዙ ጅረትና ሐይቅ ተለቀቁ፤ በ1994 ግሪንባክ የኮሎራዶ ብሔራዊ ዓሣ ሆኖ ታወጀ። የታሪኩ አስገራሚ ክፍል ከዚህ በኋላ ነው። በ2012 ጄሲካ ሜትካፍ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተይዘው በሙዚየም ውስጥ በአልኮል የተቀመጡ ዓሦችን ዘር አውጥተው በሕይወት ካሉት ጋር አመሳከሩ። ውጤቱ አስደነገጠ። በመንግሥት ወጪ ለዓመታት ሲራባ የኖረው አብዛኛው «ግሪንባክ» ግሪንባክ አልነበረም፤ የሌላ ወንዝ ከትስሮት ነው። እውነተኛው ግሪንባክ የተገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ፣ ቤር ክሪክ በሚባል ጅረት፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ርቀት ውስጥ።

ቤር ክሪክ ደግሞ የሳውዝ ፕላት ገባር አይደለም። ውኃው የሚፈሰው ወደ አርካንሳስ ወንዝ ነው። ታዲያ ዓሣው እንዴት እዚያ ደረሰ ቢባል፣ ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ጆሴፍ ጆንስ የተባለ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ወደ ተራራው ለሚወጡ ጎብኚዎች መዝናኛ ይሆናል ብሎ አምጥቶ አኖረው። በትውልድ ወንዙ የቀረው ወገን በሙሉ ሲያልቅ፣ ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ ጅረት የሰፈረው ጥቂቱ ዘሩን ጠብቆ ቆየ። ይህን መጀመሪያ ያነበብሁ ቀን መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ እንደ ተቀመጥሁ ልሸሽጋችሁ አልፈልግም። ቤር ክሪክ ዛሬ ለማጥመድ የተከለከለ ነው። ከዚያ የተወሰደው ዘር በማራቢያ ተባዝቶ ወደ ትውልድ ወንዙ ወደ ሳውዝ ፕላት ራስጌ ተመልሷል፤ በ2022ም ከዴንቨር በስተ ምዕራብ ባለው ኸርማን ገልች በተባለ ጅረት ያለ ሰው እርዳታ ራሱን ችሎ መራባቱ ተረጋገጠ።

የሬይንቦውም ታሪክ ቢሆን ቀላል አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፓ የመነጨ፣ ጫጩቶቹን ጭራቸውን እንደሚያሳድዱ የሚያሽከረክር በሽታ ኮሎራዶ ገባ። በ1990ዎቹ በኮሎራዶና በገኒሰን ወንዞች የሬይንቦው ጫጩት ባንዳንድ ቦታ ከናካቴው ጠፋ። ጀርመናዊው ብራውን ግን በሽታውን በአገሩ ስለለመደው ብዙም አልተጎዳም። መድኃኒቱ የተገኘው ከዚያው ከጀርመን ነው። በ1880ዎቹ ከአሜሪካ ወደ ጀርመን የተላከ የሬይንቦ ዘር በባቫርያ ማራቢያ ከበሽታው ጋር መቶ ዓመት ኖሮ ተቋቁሞት ነበር። በ2000ዎቹ ወደ ኮሎራዶ ተመልሶ ከአገሬው ሬይንቦ ጋር ተዳቀለ፤ ወንዞቹም እንደ ገና ሬይንቦ ማየት ጀመሩ።

የባሌ ተወላጅ የሆኑ አባሎቻችን እስከ አሁን «ይህ ዓሣ እኛም አገር አለ እኮ» እያሉ ይሆናል። እውነታቸውን ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብራውንና ሬይንቦ ትራውት ከኬንያ መጥቶ በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች ተለቋል፤ ብራውኑን ወደ ኬንያ ያስገቡት ደግሞ እንግሊዞች ናቸው። ስለዚህ ዲንሾ አካባቢ በልጅነቱ ዓሣ ያየ ሰው እዚህ ሲመጣ የሚያየው የሩቅ ዘመዱን ነው።

ወደ ጉዟችን ዝግጅት ስንመጣ፣ ኮሚቴው ቀኑን እንዲመርጥ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ የአሜሪካ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑን አንርሳ። በሰኔ የመጀመሪያው ሙሉ ቅዳሜና እሑድ በኮሎራዶ ያለ ፈቃድ ማጥመድ ይቻላል፤ ነጻ ነው ብለን ብንጓጓ ግን በዚያ ሰሞን በረዶው እየቀለጠ ወንዙ ሞልቶ ይደፈርሳል፤ ልጆች ይዘን የምንቀርበው አይደለም። ውኃው የሚጎድለውና የሚጠራው በሐምሌ ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5፣ በእነርሱ ጁላይ 12፣ ይፈታል። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ በእነርሱ ኦገስት 7፣ ይገባል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተን፣ በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ካለው ጊዜ የጁላይን የመጨረሻ ሳምንት ብንመርጥ ማንም ቅር አይለውም። 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ፈቃድ መግዛት አለበት፤ ከዚያ በታች ላሉ ልጆች አያስፈልግም። ሌሊት ተነሥተን ብንወጣ ይሻላል፤ እንደ አገራችን ክረምት ከቀትር በኋላ ደመናው ይከማቻል፣ መብረቅም አለ፣ የዛሬ ዘመን ዘንግ ደግሞ ከካርቦን ስለሚሠራ መብረቅ ያስተላልፋል። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ አይበግረኝም የሚሉ ወንድሞችም ሌድቪል ከ3,000 ሜትር በላይ መሆኗን ያስቡበት፤ አሥር ዓመት መኪና ውስጥ ተቀምጠናል።

ለእኚያ አባት ጥያቄ ያለኝ መልስ ይህ ነው። ጉሮሮው ላይ ቀይ መስመር ያለውን ዓሣ እጃችንን አርጥበን፣ ከውኃው ብዙ ሳናወጣ እንልቀቀው። ብሩክ ትራውቱን ግን እንብላው። ጥቁር አረንጓዴ ጀርባው ላይ እንደ ትል የተጠማዘዘ መስመር፣ ከሆዱ በኩል ባሉት ክንፎቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ነጭ ጥለት ስላለው አይሳሳትም። የግዛቱ ደንብም ትናንሾቹን ብሩክ ትራውት ከሌሎቹ በበለጠ ቁጥር መውሰድ ይፈቅዳል፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ከትስሮቱ ትንፋሽ ያገኛልና። ቢሆንም ደንቡ ከወንዝ ወንዝ ስለሚለያይ ከመሄዳችን በፊት የዓመቱን የደንብ መጽሔት አንድ ሰው አንብቦ ያስረዳን።

ይህን ረቂቅ ለእኚያ አባት በስልክ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳምጠው «እንግዲያው መጥበሻውና አዋዜው በእኔ ይሁን፤ መልቀቁን እናንተ ትለቃላችሁ» ብለውኛል። ኮሚቴው በዝርዝሩ ላይ እንዲያሰፍርልኝ አሳስባለሁ።